የሦስተኛው ፎቅ ኬብል

ጥቅምት 4 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ጋሽ ወልደጻድቅ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። የጄኔሬተራችን ሠራተኛ ሙክታር ቤተሰቡን ጠይቆ ሲመለስ፣ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ መጣና «ጋሽ ወልደጻድቅን ሆሳዕና አገኘኋቸው፤ የሆስፒታሉን ኔትወርክ አሁን ማን ነው የያዘው ብለው ጠየቁኝ» አለኝ። አራት ወር ሙሉ ስልክዎ ዝግ እየሆነ ስላስቸገረኝ፣ ይህችን ጥያቄ እንደ ደብዳቤ ቆጥሬ መልስ ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ። አድራሻዎን የሚያስተምሩበት ኮሌጅ ፖስታ ሣጥን ብሎ የሰጠኝ እሱ ነው።

የያዝኩት እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ ዳይሬክተራችን ዶክተር ዕፀገነት ቢሯቸው አስጠርተው «አራት ዓመት ሙሉ ያስተማረሽ እሱ ነው፤ ሕንጻውን ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለኝም» አሉና የኃላፊነቱን ወንበር ሰጡኝ። ወንበሩ የእርስዎ ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን ጫፉ ላይ ነበር የምቀመጠው። አሁን ለምጄዋለሁ።

ሥራው ግን እርስዎ ትተውት የሄዱት ሥራ አይደለም። ከግቢያችን ማዶ ይቆፈር የነበረው ጉድጓድ ስድስት ፎቅ ሆኗል፤ መስታወቱ ከመድኃኔዓለም በር ላይ ቆመው ይታይዎታል። ወሎ ሰፈር መታጠፊያው ላይ የነበሩት ጋራዦች እንኳ ፈርሰው ሆቴል እየተሠራባቸው ነው፤ በመጡ ጊዜ መንገዱ እንዳይጠፋብዎ። አዲሱ ሕንጻ በየካቲት ሥራ ይጀምራል ተብሏል። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኙት፣ አሥራ አራት የነበሩት ስዊቾች ሠላሳ አንድ ይሆናሉ። ከአሮጌው ሕንጻ ወደ አዲሱ ሁለት የፋይበር መስመር ተዘርግቷል፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው እንዲሠራ ተብሎ።

ስጋቴም እነዚህ ሁለት መስመሮች ናቸው። ሁለት መንገድ ካለ መልእክቱ ባንዱ ሄዶ በሌላው ይመለስና መዞር ይጀምራል፤ ሲዞር ይባዛል፤ በመጨረሻ ሌላ ምንም ነገር አያልፍም። ሰኔ 11 ያየነው ይህንኑ ነው። ላብራቶሪው፣ ፋርማሲውና ካርድ ክፍሉ አራት ሰዓት ሙሉ ቆሙ፤ አንዲት ወላድ ደም እስኪደርስላት አርባ ደቂቃ ጠበቀች። ማታውኑ ሦስተኛው ፎቅ ካቢኔ ውስጥ ሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊቹ ላይ ተሰክቶ ክብ የሠራ ኬብል ተገኘ። እርስዎም «ካቢኔው የእኔ ነው» ብለው ፈርመው ሥራውን ለቀው ሄዱ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ ባልጽፍ ይሻለኛል።

አዲሶቹ ስዊቾች መልቲፕል ስፓኒንግ ትሪ የሚባለውን አሠራር ይችላሉ። መጽሐፉን ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ እንደምሠራውም አምናለሁ። ግን በእርስዎ ዓይን ሳይታይ ሠላሳ አንድ ስዊች ላይ ልጽፈው አልደፈርኩም። ፈቃድዎ ከሆነ ይምሩኝ።

አክባሪዎ፣
ፌናን ኡርጌሳ


ጥቅምት 19 ቀን 2007 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ውድ ፌናን፤

ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። ወንበሩን አንቺ መያዝሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ሙክታርን የጠየቅሁትም መልሱን ልቤ እያወቀው ነበር። አባትሽን አቶ ኡርጌሳንና እናትሽን ወይዘሮ ደሪቱን ሰላም በዪልኝ። ቦሌ ለሚ ያለው ቤታችሁ ከመንገዱ ሥራ ተርፎ እንደሆነም ጻፊልኝ።

ሥራሽን ላስቀድም። ስፓኒንግ ትሪ ማለት ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ትርፉን መንገድ ራሳቸው የሚዘጉበት፣ ዋናው ሲቆረጥ ደግሞ የዘጉትን የሚከፍቱበት ሥርዓት ነው። ያልተዘጉት መንገዶች ተያይዘው ሲታዩ ቅርጻቸው የዛፍ ስለሆነ ዛፍ ተባለ። በአሮጌው አሠራር ለሁሉም አንድ ዛፍ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለተኛው ፋይበርሽ ችግር እስኪመጣ ድረስ ተኝቶ ይውላል። መልቲፕሉ ግን ከአንድ በላይ ዛፍ እንድታቆሚ ይፈቅድልሻል። ላብራቶሪ፣ ፋርማሲና ካርድ ክፍል በአንደኛው ዛፍ ይሂዱ፤ ስልክ፣ ካሜራና የእንግዶች ኢንተርኔት በሁለተኛው። የአንደኛው ሥር አሮጌው ሕንጻ ያለው ዋና ስዊች ይሁን፤ የሁለተኛው ሥር የአዲሱ ሕንጻ። ያን ጊዜ ሁለቱም ፋይበር ይሠራል፤ እያንዳንዱም የሌላው ተጠባባቂ ይሆናል።

ሦስት ነገር በሠላሳ አንዱም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ስዊቾቹ የሚታወቁበት የጋራ ስም፤ የቅንብሩ የእትም ቁጥር፤ የትኛው ክፍል በየትኛው ዛፍ እንደሚሄድ የሚናገረው ሰንጠረዥ። በአንድ ፊደል የተለየ ስዊች ካለ ከማኅበሩ ወጥቶ ለብቻው ይቆማል። ተሳስቻለሁ ብሎም አይነግርሽም።

በደብዳቤሽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጽፈሽ መልሰሽ ያጠፋሻትን «ተቀይመውኝ ነው?» የምትል ጥያቄ አንብቤያታለሁ። መልስ ይገባሻል። ስልኬን የዘጋሁት በማንም ተቀይሜ አይደለም። ያን ኬብል መሰካቴን አላስታውስም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ሄጄ ፈልጌዋለሁ። ካቢኔውን ያን ዕለት እንደከፈትኩ እንኳ ትዝ አይለኝም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ኬብል ስሰካና ስነቅል ኖሬ እጄ የሠራውን አእምሮዬ ካላወቀ፣ በሰው ሕይወት ላይ የሚሠራ ዕቃ መንካት የለብኝም አልኩ። አባቴን ያወቀ ሰው ፍርሃቴ ይገባዋል። በስድሳ ዓመቱ የልጆቹን ስም ማቀያየር ጀመረ፤ በስድሳ ሦስት እኔን «የማን ልጅ ነህ» ይለኝ ነበር። እኔ አሁን ሃምሳ ስምንት ነኝ።

ለኮሌጁም ስቀጠር «በጠመኔ አስተምራለሁ፤ መሣሪያ ግን አልነካም» ብዬ ነው የገባሁት። ተማሪዎቹ ትሕትና መስሏቸዋል። የኬብል መቁረጫዬንና መጭመቂያዬን ለአንዱ መምህር ሰጥቼዋለሁ። አብራኝ የምትኖረው እህቴ ጥሩነሽ ሐኪም ዘንድ ልትወስደኝ ቀጠሮ ይዛለች።

ይህን የጻፍኩልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ምክሬን ሁለት ጊዜ ፈትሸሽ እንድትቀበዪ ነው።

ወልደጻድቅ


ኅዳር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቦሌ

ለተከበሩ ጋሽ ወልደጻድቅ፤

ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን መልስ ጀምሬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። የሚሻለኝ ሥራውን ልሥራና ስለ ሥራው ልጻፍ አልኩ።

ለሚ ያለው ቤት አለ። ግማሹን ግቢ መንገዱ ወስዶታል፤ አባቴ በቀረው ላይ ጎመን ተክሎ ይኮተኩታል። ሰላምታዎን አድርሻለሁ። «ያ ቀጭኑ ሰውዬ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ተመላላሽ ክፍሉ ዝግ ስለሆነ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገብተን የመጀመሪያውን ሙከራ አደረግን። ለጊዜው በአንድ ዛፍ ልጀምርና ሲረጋጋ ሁለት አደርገዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ፋይበሮቹን ግን በእጄ ለየኋቸው፤ በመጀመሪያው ላይ ስልክና ካሜራ ብቻ እንዲያልፉ፣ በሁለተኛው ላይ ላብራቶሪና ፋርማሲ ብቻ። ለእኔ ሥርዓት ያለው መስሎኝ ነበር። እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ሁሉም ስዊቾች ተነጋገሩ፤ ምንም ነገር አልዞረም። ስልኮቹ ጮሁ፤ ካሜራዎቹም ታዩ። የአዲሱ ሕንጻ ላብራቶሪ ግን ውጤቱ ሁሉ የሚቀመጥበትን ሰርቨር ማግኘት አቃተው። መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ኬብሉ ደህና ነው፤ ምንም ነገር አያልፍም። እስከ ሰባት ሰዓት ፈልጌ አጣሁት፤ ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሼ ወጣሁ። አልደነገጥኩም። ከመመለሴ በፊት የያንዳንዱን ስዊች ሁኔታ በወረቀት ገልብጬ አስቀምጫለሁ፤ እነሆ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅዎ። ሰኔ 11 የሦስተኛው ፎቅ ካቢኔ ተቆልፎ ነበር? ቁልፉስ ከማን ዘንድ ነበር? ለምን እንደጠየቅሁ አሁን አይጠይቁኝ።

ሐኪሙ ምን አለዎት?

ፌናን


ኅዳር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ውድ ፌናን፤

የገለበጥሽው ወረቀት እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሥራ ነው! ክፍል ውስጥ ሰቅዬ ለተማሪዎቼ አሳየሁት፤ ስምሽን ግን አልተናገርኩም።

ችግሩ ከስዊቹ አይደለም። ከልክ በላይ ስለተጠነቀቅሽ የመጣ ነው። ሁለቱን ፋይበር በእጅሽ ለየሻቸው፤ ዛፉ ግን አንድ ነው። ዛፉ ስለ ላብራቶሪና ስለ ስልክ አያውቅም፤ የሚያየው ሁለት መንገድ መኖሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ፋይበር ትርፍ ነው ብሎ ዘጋው። ላብራቶሪው ደግሞ ከዚያ በቀር እንዲያልፍበት የፈቀድሽለት መንገድ የለም። ተቆረጠ። ሁሉንም ክፍል በሁለቱም ፋይበር ላይ ፍቀጂ፤ ከዚያ መለያየቱን ለሁለቱ ዛፎች ተዪው። እጅሽን አንሺ፤ እነሱ ይሥሩ።

ስለ ካቢኔው፦ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ከእኔ፣ ሌላው ካንቺ ዘንድ። አንቺ ያን ዕለት ለወንድምሽ ለጋዲሳ የሽምግልና ጉዳይ ፈቃድ ወስደሽ ነበር። ስለዚህ ከእኔ በቀር የሚጠየቅ አልነበረም። ይህንኑ ለአጣሪ ኮሚቴውም ተናግሬያለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ሰዓት አስሎኝ፣ ቃላት አስደግሞኝ፣ «አባቴ፣ ለእርግጠኝነቱ አዲስ አበባ ሄደው የጭንቅላት ምርመራ ያድርጉ» አለኝ። ለጥር ቀጠሮ ተይዞልኛል። ጥሩነሽ ግን ቀጠሮውን አልጠበቀችም። ምድጃ አጠገብ ብቻዬን አትተወኝም፤ ከቤት ስወጣም በር ላይ ቆማ በየት እንደታጠፍኩ ታያለች። ትናንት ኪሴ ውስጥ ስሜንና የእሷን ስልክ ቁጥር የጻፈችበት ወረቀት አገኘሁ። አልተቆጣኋትም፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ሁለተኛውን ሙከራ መቼ ታደርጊያለሽ?

ወልደጻድቅ


ታኅሣሥ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቦሌ

ለተከበሩ ጋሽ ወልደጻድቅ፤

ኬብሉን የሰካሁት እኔ ነኝ።

ሌላውን ሁሉ ከዚህ በኋላ እነግርዎታለሁ፤ ይህን ሳያነቡ ሌላ ነገር እንዲያነቡ ስላልፈለግሁ አስቀደምኩት። እርስዎ የረሱት ነገር የለም። ያልሠሩትን ነው የሚፈልጉት የነበረው።

ሰኔ 11 ፈቃድ ላይ ነበርኩ። እናቴ ለሽማግሌዎቹ መስተንግዶ የጎደለ ነገር ነበርና ወደ መድኃኔዓለም ላከችኝ። መንገድ ላይ የካርድ ክፍሏ ወርቅዬ ደወለችልኝ፤ «ኮምፒውተሬ ሞቷል፤ ጋሽ ወልደጻድቅ ስብሰባ ገብተዋል» አለችኝ። ለአሥር ደቂቃ ገባሁ። መጀመሪያ ሦስተኛው ፎቅ ወጣሁና ካቢኔውን በእኔ ቁልፍ ከፈትኩ። አንድ ጫፉ ብቻ የተሰካ ኬብል ተንጠልጥሎ አየሁ። የወርቅዬ ኬብል ወልቆ ነው ብዬ ባዶ ያገኘሁት ቀዳዳ ላይ ሰካሁትና ቆለፍኩ። ከዚያ ታች ወርጄ ሳየው፣ የእሷ ኬብል ከግድግዳው ላይ ነበር የወለቀው። መለስኩት፤ መሥራቱን ሳላይ በዚያው ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። የላይኛውን ፈጽሞ ረሳሁት።

ኔትወርኩ መውደቁን የሰማሁት ለሚ ከደረስኩ በኋላ ነው። ምክንያቱን ግን አላወቅሁም ነበር፤ በእውነት። በማግሥቱ ሙክታር «ሦስተኛው ፎቅ ሁለቱም ጫፉ የተሰካ ኬብል ተገኝቷል፤ ጋሽ ወልደጻድቅ እኔ ነኝ ብለው ፈርመዋል» ሲለኝ ነው እኔ የሰካሁት መሆኑ የገባኝ። ወርቅዬ መምጣቴን ታውቃለች፤ ካቢኔ መክፈቴን ግን አላየችም። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ዝም አልኩ። መጀመሪያ ሰኞ እናገራለሁ አልኩ፤ ከዚያ እርስዎ ሄዱ፤ ከዚያ ወንበሩን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ቀላል እየሆነ መጣ።

እርስዎ ጡረታዎ ስለቀረበ በራስዎ ጊዜ ያረፉ አስመስዬ ለራሴ እነግረው ነበር። የጥቅምቱ ደብዳቤዎ ይህን ከእጄ ነጠቀኝ። የኅዳሩ ደግሞ፣ ኪስዎ ውስጥ ስለተገኘው ወረቀት ያሉት፣ ሌላ ቀን እንዳልጠብቅ አደረገኝ።

ይህንኑ ቃል በሦስት ገጽ ጽፌ፣ ፈርሜበት፣ ዛሬ ጠዋት ለዶክተር ዕፀገነት በእጃቸው ሰጥቻለሁ። ቆመው አነበቡት። «ለምን አሁን?» አሉኝ። «እሳቸው ታምሜያለሁ ብለው ስላመኑ» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱና «ለቦርዱ አቀርበዋለሁ። እስከዚያ ሥራሽን ሥሪ» አሉ።

ኅዳር 28፣ እሑድ፣ እንዳሉኝ አድርጌ ሁለቱንም ዛፎች አቆምኩ። ላብራቶሪው ሰርቨሩን አገኘ። አንድ ስዊች ብቻ፣ የአዲሱ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ቆመ። የጋራ ስሙን በእንግሊዝኛ ስጽፍበት የመጀመሪያዋን ፊደል በትንሹ ጽፌያት ኖሯል። ይህን ማግኘት ስምንት ደቂቃ ፈጀብኝ። ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው ስምንት ደቂቃ የሆነው።

ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ይህ ቃል ያንሳል፤ ሌላ ግን የለኝም።

ፌናን


ታኅሣሥ 12 ቀን 2007 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ፌናን፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ለጥሩነሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አለቀሰች። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥታ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። እኔ አላለቀስኩም። ተቆጣሁ። አሁንም እንደተቆጣሁ ነው የምጽፍልሽ።

ኬብሉን ስለሰካሽው አይደለም። እሱን ማንም ሊያደርገው ይችላል። በዚያ ላይ ቀደም ብዬ ያንን ኬብል ነቅዬ ሳንጠለጥለው ምልክት ያልጻፍኩበት እኔ ነኝ፤ በአሮጌዎቹ ስዊቾች ላይም መዞርን የሚዘጋው መከላከያ እንዳይሠራ አጥፍቼ የተውኩት እኔው ነኝ። ጥፋቴን ለይቼ አውቀዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ስድስት ወር ነው። ስድስት ወር ሙሉ ማታ ስተኛ የእህቶቼን ልጆች ስም በልቤ እየቆጠርኩ ራሴን ፈተንኩ። አንቺም በአጠገቤ እንዳለሽ ሆነሽ ስለ ፋይበር ትጠይቂኝ ነበር።

እኔ እስክጽፍልሽ አትጻፊልኝ።

የሆስፒታሉ ሥራ የሕመምተኞች ስለሆነ ሁለት ነገር እላለሁ። የኮምፒውተር ብቻ የሆኑት ቀዳዳዎች ላይ፣ ሌላ ስዊች ወይም የተመለሰ ኬብል ቢሰካ ወዲያው እንዲዘጉ እዘዣቸው። ሁለተኛ፣ የሁለቱን ዛፎች ሥር ለዕድል አትተዪ፤ ቅድሚያቸውን በቁጥር ጻፊ፤ ተተኪያቸውንም እንዲሁ።

ወልደጻድቅ


ጥር 27 ቀን 2007 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ውድ ፌናን፤

እንደምን ከረምሽ? አትጻፊ ስላልኩሽ አልጻፍሽም፤ ቃሌን ማክበርሽን አይቻለሁ።

ከሆስፒታሉ ቦርድ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደርሶኛል። በሰኔው ጉዳይ ጥፋተኛ ያለኝ ውሳኔ መሻሩን፣ ከግል ማኅደሬም መነሣቱን ይገልጻል። ሁለተኛ ገጽ ላይ ያንቺ የተፈረመ ቃል ተያይዟል። ኮሚቴው ፊት ቀርበሽ ማንንም ሳትጨምሪ እንደተናገርሽ ሙክታር ነግሮኛል። የተወሰነብሽንም ነግሮኛል፤ ግን ካንቺ መስማት እፈልጋለሁ።

አዲስ አበባ ሄጄ መመርመሬን አልሰረዝኩትም። ፍርሃቱ የገባው በውሸት ቢሆንም፣ ከገባ በኋላ በወረቀት መውጣት ነበረበት። ከጥምቀት በኋላ ሄጄ ታይቻለሁ። ምንም የለብኝም። ሐኪሟ «መነጽርዎን ግን ይለውጡ» አለችኝ። ቦሌ ድረስ መጥቼ አንቺን ሳልጠይቅ መመለሴ ያስከፋሽ ይሆናል፤ በር ላይ ደርሼ ነበር። አዲሱን ሕንጻ ከማዶ ቆሜ አየሁት። መግባት አልቻልኩም።

ወደ ሆሳዕና በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን መጭመቂያዬን አስመለስኩ። ክፍል ገብቼ ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ፊት አንድ ኬብል ቆርጬ፣ ስምንቱን ሽቦ በቀለሙ ደርድሬ፣ ጨምቄ፣ ፈተሽኩት። ከመጀመሪያው አለፈ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ይችላሉ ለካ» አለች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሕንጻው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱንም ፋይበር መንቀል አለብሽ። እሑድ አይደለም፤ ሰው በሌለበት አይደለም። የሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሐኪሞቹ እያወቁ፣ አንዱን ነቅለሽ መልሰሽ፣ ከዚያ ሌላውን። ያን ዕለት ማንም ምንም ካላየ ሥራሽ ተሠርቷል ማለት ነው። ቀኑን ጻፊልኝ።

ወልደጻድቅ


የካቲት 21 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቦሌ

ለተከበሩ ጋሽ ወልደጻድቅ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አዲሱ ሕንጻ ጣሪያ ሥር መሰላል ላይ ነበርኩ። ሙክታር ከታች ሆኖ ፖስታውን ሲያሳየኝ ጽሑፍዎን ለየሁት። ወርጄ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ምንም የለብኝም የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

በር ድረስ መጥተው መመለስዎ አላስከፋኝም። በእርስዎ ቦታ ብሆን ያን ያህልም የምቀርብ አይመስለኝም።

የተወሰነብኝ ይህ ነው። የኃላፊነቱ ወንበር ተወስዷል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ለአንድ ዓመት ዕድገት የለኝም። ሥራውን ግን «የጀመረችው እሷ ነች፤ ትጨርሰው» ብለዋል ዶክተር ዕፀገነት። ወርቅዬ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ጋሽ ወልደጻድቅን በልቤ ወቅሻቸው ነበር፣ አሳሳትሽኝ አለች። አባቴ ደግሞ ከነገርኩት በኋላ ጎመኑን ሲኮተኩት ዋለ፤ ማታ ራት ላይ «ዘግይተሻል፤ ግን በእግርሽ ሄደሽ ተናገርሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንስቶት አያውቅም።

አሁን ስለ ረቡዕ፣ የካቲት 18።

ለሐኪሞቹ ሁሉ ከሦስት ቀን በፊት ወረቀት በትነን ነበር። ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አሮጌው ሕንጻ ያለው የኔትወርክ ክፍል ገባን፤ እኔ፣ ሙክታር፣ ዶክተር ዕፀገነትና ከቦርዱ አንድ ሰው። ወርቅዬ ካርድ ክፍሏ ሆና በስልክ መስመር ላይ ነበረች። በአዲሱ ሕንጻ ላብራቶሪ ደግሞ፣ የዕለቱ ናሙና ለሙከራው ወደዚያ ተወስዶላት፣ መብራት የምትባለው ባለሙያ እውነተኛ ውጤት ወደ ሰርቨሩ ትልክ ነበር፤ የሙከራ ሳይሆን የሰው ደም ውጤት።

የቦርዱ ሰውዬ «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«ነኝ» አልኩ። እንዲህ ያልኩት ለድፍረት አልነበረም። ማታውን የሠላሳ አንዱንም ስም፣ ቁጥርና ሰንጠረዥ አንድ በአንድ አመሳክሬ ስለነበር ነው።

አንደኛውን ፋይበር ነቀልኩ። ላብራቶሪው የሚሄድበት ዋና መስመር ነው። ስክሪኑ ላይ አንደኛው ዛፍ የተዘጋውን መንገዱን ከፈተና በሁለተኛው ፋይበር ሄደ። መብራትን በስልክ «ቆመብሽ?» አልኳት። «ምኑ?» አለችኝ። ወረፋ አለብኝ አትያዢኝ ብላ ዘጋችው።

መልሼ ሰካሁ፤ እስኪረጋጋ ጠበቅሁ። ሁለተኛውን ነቀልኩ። በዚህ ጊዜ ስልኮቹ ነበሩ መንገድ የቀየሩት። ወርቅዬ ስለ ጎረቤቷ ሰርግ እያወራችልኝ ነበር፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተቆረጠባትም። «መቼ ነው የምትነቅይው?» አለችኝ። «ነቅያለሁ» አልኳት።

ከዚያ ማንም ያላዘዘኝን ነገር አደረግሁ። ወደ ሦስተኛው ፎቅ ይዣቸው ወጣሁ፤ ያንኑ ካቢኔ ከፈትኩ፤ አንድ ኬብል ወስጄ ሁለቱንም ጫፍ በሁለት ቀዳዳ ሰካሁ። ዶክተር ዕፀገነት ትከሻዬን ያዙኝ። ሁለቱም ቀዳዳዎች ወዲያው ተዘጉ፤ መብራታቸው ጠፋ። ከታች ማንም አልደወለም። ለአምስት ደቂቃ ቆመን ጠበቅን፤ የሚደውል ጠፋ። ኬብሉን ነቅዬ፣ ምልክት ጽፌበት፣ አስቀመጥኩት።

የቦርዱ ሰውዬ አሠራሩን ማን እንዳወጣው ጠየቁ። «ጋሽ ወልደጻድቅ በደብዳቤ አወጡት፤ እኔ በእጄ ሠራሁት» አልኩ። በመዝገቡም እንደዚያው ጽፌዋለሁ።

ዶክተር ዕፀገነት ወንበሩ ክፍት መሆኑን እንድነግርዎ አዘውኛል። እሳቸውም ይጽፉልዎታል። ቢመጡ በእርስዎ ሥር መሥራት ደስታዬ ነው።

ፌናን


መጋቢት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ውድ ፌናን፤

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ጥሩነሽን ጠርቼ ስለ ሦስተኛው ፎቅ ያለውን ብቻ ደግሜ አነበብኩላት። «ደፋር ናት» አለች። ደፋር አይደለችም፣ ሥራዋን የምታውቅ ናት አልኳት። አልገባትም፤ ላንቺ ግን ይገባሻል።

የዶክተር ዕፀገነት ደብዳቤም ደርሶኛል፤ በአክብሮት መልሻለሁ። አልመለስም። ቅያሜ አይደለም፤ እንደዚያ እንዳታስቢ። እዚህ ሠላሳ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አብዛኞቹ ስዊች በእጃቸው ነክተው አያውቁም። አሁን እጄ ስለተመለሰልኝ መሣሪያ ያለው ክፍል እንዲሰጠኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ስድስት አሮጌ ስዊቾችም አግኝተናል። ለወንበሩ ግን «አንድ ዓመት ክፍት አድርጋችሁ ብትጠብቁ ሰው ታገኛላችሁ» ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።

ይቅርታ ጠይቀሽኝ ነበር፤ በታኅሣሥ አልመለስኩልሽም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት። ይቅር ብዬሻለሁ። ይህን በጽሑፍ ማስፈር የፈለግሁት፣ ሌላ ጊዜ የተናደድኩ ቀን ራሴም እንዳነበው ነው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ተማሪዎቼ ሁለቱን ዛፎች በሰሌዳ ላይ ተምረዋል፤ የሠራ ሰው ግን አላዩም። ሳምንት ፈቃድ ወስደሽ መጥተሽ አስተምሪያቸው። ስለ ፋይበሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰኔ 11ም ንገሪያቸው፤ ስምሽን ሳትደብቂ፣ ስድስቱን ወርም ሳትዘዪ። እኔ ምልክት ስላልጻፍኩበት ኬብል ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ከእኛ ሌላ ይህን የሚነግራቸው የለም። ከባድ ከሆነብሽ እንቢ በዪኝ፤ አልቀየምም።

ወልደጻድቅ


መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቦሌ

ለተከበሩ ጋሽ ወልደጻድቅ፤

እመጣለሁ።

ፈቃዱን ዶክተር ዕፀገነት ዛሬ ፈርመውልኛል። እሑድ መጋቢት 20 በማለዳው አውቶቡስ ተነሥቼ፣ ሰኞ ጠዋት ክፍልዎ እገኛለሁ። እናቴ ለወይዘሮ ጥሩነሽ የምትልከው ዕቃ ከእኔ ሻንጣ ይበልጣል፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለተማሪዎቹ የምለውን ጽፌ ነበር፤ ሁለት ገጽ ሆነ። መልሼ ሳነበው ግማሹ ሰበብ ነው። ቀደድኩት። አሁን የያዝኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ፌናን ኡርጌሳ እባላለሁ፤ አንድ ቀን የማላውቀውን ኬብል ሰክቼ ሆስፒታል አቆምኩ፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ዝም አልኩ።» ሌላውን ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ።

እርስዎ ከፊት ይቀመጡልኝ። ስናገር ዓይንዎን እያየሁ ብናገር እመርጣለሁ።

ፌናን